ሰነፍ ያልሁት ልጄ

ነገሩን ያወቅሁት በሁለት የተጣበቁ ገጾች ነው።

መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ 3ኛ ክፍል ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምንኖረው በምዕራብ ጎጃም፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞ ስለነበር ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬን ከድኜ የአማርኛ መጽሐፉን አስነብበው ነበር። ጥሩ ያነባል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ነጥቡ ጋ ሲደርስ ትንፋሽ እንኳ ይወስዳል።

አንድ ቀን መጽሐፉ ላይ ሻይ ተደፍቶበት ሁለት ገጾች ተጣብቀዋል። እሱ ሳያውቅ አንድ ላይ ገለጣቸው። ንባቡ ግን አልተቋረጠም። የተዘለለውን ገጽ ከላይ እስከ ታች «አነበበልኝ»። ዓይኑ ያለው አንድ ገጽ ላይ፣ አፉ ያለው ሌላ ገጽ ላይ።

ጣቴን አንድ ቃል ላይ አሳረፍሁና «ይቺ ምን ትላለች?» አልሁት። ቃሏ «በሬ» ነበረች። ዝም አለ። «ለ...» አለና ቆመ። ከዚያ ሥዕሉን አየት አድርጎ «ላም» አለኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ መጽሐፉን በቃሉ ሲያጠና ኖሯል። ክፍል ውስጥ ሌሎች ሲያነቡ ይሰማል። ማታ የጎረቤት ልጆች ሲያጠኑ ይሰማል። አንዴ የሰማው ነገር አይጠፋውም። በታችኞቹ ክፍሎች ልጅ ስለማይጥሉ እሱም ከክፍል ክፍል እያለፈ መጣ። ካርዱ ላይ ደረጃው ከ68 ተማሪ 61ኛ ነበር። እኛም «ጨዋታ ወዳድ ነው፣ ሰነፍ ነው» እያልን ተቀመጥን።

ያን ቀን ያደረግሁትን አልደብቅም። መታሁት። ያታለለኝ መስሎኝ ነው። እሱ ግን አላለቀሰም። «እማዬ፣ የኔ ጭንቅላት ፊደል አይቀበልም» አለኝ። 9 ዓመቱ ነበር። ይህን ቃል ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። ክፍል ውስጥ ተብሎ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ግራ ለተጋባ ወላጅ ነው። በእኛ አገር፣ በተለይ ከትልልቅ ከተሞች ስንወጣ፣ «ልጅዎ ይህ ችግር አለበት» ብሎ ወረቀት የሚሰጥ ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። ልጄ እስከ ዛሬ ድረስ እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። ግን ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ እጅ አጣምሮ መቀመጥ አያስፈልግም ነበር። እኔ ያባከንሁት ጊዜ ያንገበግበኛል።

በመጀመሪያ የሰፈሩን ምክር ሁሉ ሰማሁ። «ዓይነ ጥላ ነው» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ጠበል ወሰድሁት። በመውሰዴ አልጸጸትም፤ እምነቴ ነው፤ ለእኔም ልቤን አረጋግቶልኛል። አንዲት ሴት ግን «አብሾ አጠጪው፣ የቆሎ ተማሪዎች ለቀለም የሚጠጡትን» አለችኝ። እንቢ አልሁ። አብሾ መርዛማ ተክል ነው። ሰው የሚያሳብድ ነገር ለ9 ዓመት ልጅ አይሰጥም። ማንም ቢመክራችሁ አትስሙ።

መንገድ ያሳየኝ ያልጠበቅሁት ሰው ነው። ልጄ ትንሽ ሳለ ለጥቂት ወራት ፊደል የቆጠረባቸው የኔታ ዘንድ ወሰድሁት። የኔታ ሽማግሌ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው አገኘናቸው።

«በል ቁጠር» አሉት። «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ...» እንደ ውሃ አወረደው። እኔ ደስ አለኝ። የኔታ ግን ፊታቸው አልተፈታም። «አቡጊዳውንስ?» አሉት። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብሎ እሱንም ጨረሰው። ከዚያ የኔታ ስንደዶ አነሡና ገበታው ላይ እንዲያው እየዘለሉ መጠቆም ጀመሩ። አንዴ እታች፣ አንዴ እላይ። ልጄ ጠፋበት። «በ»ን «ሰ» አለ። «ኑ»ን «ኒ» አለ። «ደ»ን «ጀ» አለ። ቀጥሎ ዝም አለ።

የኔታ ስንደዶውን አስቀመጡ። «አየሽ ልጄ» አሉኝ፤ «አባቶች አቡጊዳን የሠሩት ለዚህ ነበር። ሀሁውን በዜማ ይዞ ፊደሉን ሳያውቅ የሚያልፍ ልጅ ድሮም ነበር። ተራውን አፈራርሰው የሚለዩት በአቡጊዳ ነው። ያንቺ ልጅ አቡጊዳውንም በዜማ ያዘው።»

«ታዲያ ሰነፍ ነው ማለት ነው?» አልኋቸው።

«ሰነፍማ ዜማውም ይጠፋዋል። ይሄ ጆሮው ብሩህ ነው። ከፊደሉ ጋር ነው ያልተዋደደ። በዚህ በጎጃም፣ ከዋሸራ እስከ ዲማ፣ ስንቱ ዓይነ ስውር በጆሮው ተምሮ የቅኔ መምህር ወጥቷል። በጆሮው አስገቢለት። ፊደሉን ደግሞ ቀስ ብለሽ። አትምቺው። ብትመቺው አርጩሜውን እንጂ ፊደሉን አያስታውስም።»

ስንወጣ አለቀስሁ። ልጄን «ብሩህ» ያለው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርሁት። እሱ ግንበኛ ነው። ልጁን «ሰነፍ» በማለት ከእኔ የባሰው እሱ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና ብዙ ቆይቶ «እኔም እንዲህ ነበርሁ» አለ። 11 ዓመት በትዳር ኖረን አላውቅም ነበር። 4ኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመው በከብት ጥበቃ ነው ብሎኝ ነበር። በእርግጥ ያቆመው ሰሌዳው ላይ ወጥቶ እንዲያነብ ሲጠሩት ከሚሰማው ሐፍረት ሸሽቶ ነው። ስልኩ ላይ የሰው ስም አይመዘግብም። ሁሉንም የሚለየው በመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ነው። እኔ ለዓመታት የጉራ ነገር መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት የንባብ ችግር በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ነገር አለው። ስለዚህ ልጃችሁ ፊደል ካልያዘ አባትየውን፣ አጎትየውን፣ ራሳችሁንም ጠይቁ። ያኔ ልጁ የብቻው ጥፋት አለመሆኑን ያውቃል። የእኔ ልጅ አባቱ ይህን ከነገረው ቀን ጀምሮ አንገቱን ቀና አደረገ።

ከዚያ ዓይንና ጆሮ አስመረመርሁት። ይህ ሳይደረግ ወደ ሌላ ነገር መሄድ ተገቢ አይመስለኝም። ቀላል ነገር ሊሆን ይችላላ። ጆሮው በኩክ የተደፈነ ልጅ «ተ»ን ከ«ደ» አይለይም። ዓይኑ የደከመ ልጅ ሰሌዳውን አያይም። የዓይኑን ምርመራ ፊደል ማወቅ አያስፈልገውም። እንደ ሹካ ጥርስ ያለ ምልክት አለ፤ ወደየት እንደዞረ ልጁ በእጁ ያሳያል። ለጆሮው ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄድን። ሁለቱም ደህና ሆኑ። «ልጅሽ ጤነኛ ነው» ተባልሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አዘንሁ። መልስ ይዤ የምመለስ መስሎኝ ነበር።

ስም የሰጠኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ይማር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ስለተዘጉ ቤቱ መጥቷል። ልጄን ለሳምንት ያህል አስቀምጦ አየው። «ዲስሌክሲያ የሚባለውን ይመስላል። ግን እኔ ነው ብዬ መወሰን አልችልም፤ ለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል» አለኝ። ይህን በማለቱ አከበርሁት። ያስረዳኝ እንዲህ ነው። አእምሮ ድምፅን ሰባብሮ ከምልክት ጋር የሚያገናኝበት መንገድ በአንዳንድ ልጅ ላይ አይቀናም። ከብልህነት ጋር አይገናኝም። መድኃኒት የለውም፤ መነጽርም አያድነውም። በትክክለኛው መንገድ፣ በዝግታ፣ ደጋግሞ በማስተማር ግን ይሻሻላል።

እኔ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። «የክፍሉ ግማሽ አያነብም እኮ፤ ሁሉም ይህ ችግር አለበት?» አልሁት። የለም አለኝ። በ68 ልጅ መሃል ተቀምጦ በደንብ ያልተማረ ልጅም አያነብም። የሚለዩት ለብቻው ሲያስተምሩት ነው። ያልተማረው ልጅ ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ካገኘ ይፈተለካል። ችግሩ ያለበት ልጅ ግን ዛሬ ያወቀውን ነገ ይረሳል፤ ከነገ ወዲያ ያስታውሳል፤ ደግሞ ይረሳል። ድጋፉ ግን ለሁለቱም ያው ነው። ስለዚህ ማንኛው እንደሆነ እስክናውቅ መጠበቅ የለብንም።

ቤት ውስጥ የሠራነውን ልንገራችሁ። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ልጄን የያዘው ይህ ነውና።

መጀመሪያ ተሳስቼ አስጠኚ ቀጥሬ ነበር። በቀን 20 ጊዜ ሀሁን ያስገለብጠዋል። በሁለት ወር ውስጥ የልጄ የእጅ ጽሑፍ በጣም አማረ። ንባቡ ግን እዚያው ነው። መገልበጥ ሥዕል መሳል ነው፤ ዓይንና እጅ ይሠራሉ፣ ድምፁ የለበትም።

አስጠኚውን አቆምሁና ፊደል ከጨርቅ ቆርጬ ሠራሁ። ቁርጥራጭ ከእኔ ቤት አይጠፋም። ሻካራውን ጨርቅ መረጥሁ፤ በጣቱ ሲሄድበት እንዲሰማው። ጣቱ መስመሩን ሲከተል አፉ ድምፁን ያወጣል። ጨርቅ የሌለው ሰው ሰፌድ ላይ ጤፍ በትኖ በጣት ማጻፍ ይችላል።

231 ፊደል በአንድ ጊዜ አይሰጥም። በፊደል ቤተሰብ ተራም አልሰጠሁትም፤ «ለ ሉ ሊ ላ» ካልሁት ወዲያው ዜማ ያደርገዋላ። በቅጥያቸው አቧደንኋቸው። እኔ በልብስ ቋንቋ ነገርሁት። ወገቡ ላይ ቅጥያ ያለው «ኡ» ይላል፤ ሉ፣ ሙ፣ ቡ፣ ኑ። እግሩ ላይ ቅጥያ ያለው «ኢ» ይላል፤ ሊ፣ ሚ፣ ቢ፣ ኒ። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው «ኤ» ይላል፤ ሌ፣ ሜ፣ ቤ፣ ኔ። ወገብና እግር ሲል ገባው። እንደ ሩና ፉ ያሉትን ከደንቡ የወጡትን ኋላ ላይ ለየብቻ አመጣኋቸው። የሚመሳሰሉትን ደግሞ በአንድ ሳምንት አላገናኝም። «ደ» በደንብ ሳይያዝ «ጀ» አይመጣም። «ነ»ና «ኘ»ም፣ «ጠ»ና «ጨ»ም እንዲሁ።

ከሁሉ ያስቸገረን ሳድስ ነው። ቅርጹ ሥርዓት የለውም። ል፣ ም፣ ስ፣ ር፣ ን ምን ያገናኛቸዋል? ድምፁም ሲነገር ይሸሻል። ቃላትን በጭብጨባ እንከፍል ነበር። «በ-ቆ-ሎ»፣ ሦስት ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል። ይሄ ቶሎ ገባው። «ድንች» ላይ ግን አለቀሰ። በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ቃል ነው፤ ሲጻፍ ግን ሦስት ፊደል ነው፣ ሦስቱም ሳድስ። ስለዚህ ለረዥም ጊዜ ሳድስ የሌለባቸውን ቃላት ብቻ እንጫወት ነበር። በሬ፣ ጫማ፣ ገበያ፣ ቡሬ፣ ዶሮ። ሳድስን አንድ በአንድ፣ በየሁለት ሳምንቱ አስገባሁ። ይህን ከማንም አልሰማሁትም። በልጄ እንባ ነው የተማርሁት።

ሌላው ጊዜው ነው። በቀን 15 ደቂቃ፣ ከዚያ አይበልጥም። ቡናው እስኪፈላ እንላለን። ያልደከመው ቢሆንም አቆማለሁ። በመጨረሻ ሁልጊዜ የሚያውቀውን ነገር አስነብቤው ነው የምንነሳ። መጽሐፍ ላይ ደግሞ ከካርቶን አንድ መስመር ብቻ የምታሳይ መስኮት ቆረጥሁለት። ሙሉ ገጽ ሲያይ ይደነግጥ ነበር። አንዳንድ ቀን ታሪክ እኔ አነብለታለሁ፤ እሱ በጣቱ ይከተላል። ፊደሉ ስለዘገየ እውቀቱ መዘግየት የለበትም። የአካባቢ ሳይንሱንም መጽሐፍ ጮክ ብዬ አነብለት ነበር።

ትምህርት ቤቱ በ2013 ሲከፈት ወደ ርእሰ መምህሩ ሄድሁ። «ዓይነ ስውር አይደለም፣ መስማት የተሳነው አይደለም፤ ልዩ ፍላጎት አንለውም» ተባልሁ። ተመለስሁ። የጎረቤቴ ልጅ በስልክ ሲሰማ ተናደደ። «አፍ ለአፍ አትጠይቂ፣ በማመልከቻ ጠይቂ» አለኝ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 መቀበሏን፣ ስምምነቱም ሕፃናት በጉዳት ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለሉና እንደየፍላጎታቸው እንዲደገፉ እንደሚል ነገረኝ። ያንን ጠቅሼ በሁለት ኮፒ ጻፍሁ። አንዱን አስመትቼ ያዝሁ። የወላጅ መምህር ኅብረት አባላትንም አነጋገርሁ። ይህን ሳደርግ ልቤ እየመታ ነበር፤ ተጣይ ሴት መባልን እፈራ ነበርና።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «ልጄን እርዱልኝ» ብትሉ ማንም ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። መምህሯ 68 ልጅ አለባት። እኔም በመጀመሪያ እንዲያ ብዬ «እሺ» ተብዬ ነበር፤ ምንም አልመጣም። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሁ። ሳይዘጋጅ ተነሥቶ እንዲያነብ አትጥሪው። በአካባቢ ሳይንስ ፈተና ጥያቄው ይነበብለት። መምህሯ ትንሽ አሰበችና «ይሄማ ይቻላል» አለችኝ። የአንድ ለአምስት ቡድኑን ቀየረችለት። በቡድኑ ያለች አንዲት ጎበዝ ልጅ ጥያቄውን ዝቅ ባለ ድምፅ ታነብለታለች፤ እሱ ደግሞ ሒሳቡን ያስረዳታል። በዚያው ሴሚስተር አካባቢ ሳይንስ ላይ 81 አመጣ።

ሁሉም ግን አልሰመረም። መምህሯ ከእኔ ጋር ተማክራ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ለእሱ ግን ባሰበት፤ ሲሳሳት ሁሉም ያየዋል። እሱ ራሱ ነግሮን ነው ወደ ሁለተኛው ረድፍ የተመለሰው። ልጁን መጠየቅ ነበረብን። 5ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ መምህራኑ በየትምህርቱ ተለያዩ፤ ያንን ሁሉ ለእያንዳንዳቸው እንደ አዲስ ማስረዳት ግድ ሆነ። አንዱ ጭራሽ አልተቀበለኝም። ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ አንድ ገጽ ጽፌ ለሁሉም እሰጣለሁ። ምን እንደሚችል ከላይ፣ ምን እንደሚከብደው ከሥር። ከሚችለው መጀመሬን የወደዱልኝ መምህራን አሉ።

በአንዳንድ የጉድኝት፣ ማለትም በአቅራቢያ ያሉትን በሚያስተባብሩ ትምህርት ቤቶች፣ የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል አለ። በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ መምህር ያለበትም አለ። በወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት «የልዩ ፍላጎት ጉዳይ የሚከታተለው ባለሙያ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። መኖሩን አላውቅማ።

ልጃችሁን አሁኑኑ ማየት ከፈለጋችሁ የሚያውቀውን መጽሐፍ አትስጡት። በወረቀት ላይ ስለ እሱ ስለራሱ አዲስ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። ሥዕል አይኑርበት። ሲያነብ ፊቱን ሳይሆን ጣቱን ተመልከቱ። ሰኞ ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» የሚል፣ ቅዳሜ ጠዋት ደህና የሚሆን ልጅ ካላችሁም ሆዱን ብቻ አትመርምሩ። የእኔው ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆድ መድኃኒት ጠጥቷል።

ከዚያ ወዲህ በአካባቢያችን ትምህርት የተቋረጠበት ጊዜም መጥቷል። በዚያ ጊዜ የጨርቅ ፊደሎቹ አገለገሉን። የጎረቤት ልጆችም እየመጡ ተቀመጡ። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ እንደ ልጄ ያሉ ይመስሉኛል፤ እናቶቻቸውን አነጋግሬያለሁ። አንዷ ተቆጥታኝ ነበር። ቆይታ ግን ራሷ መጣች።

ልጄ አሁን 14 ዓመቱ ነው። ያነባል፤ ቀስ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ። ረዥም ጽሑፍ ያደክመዋል። «ገና» የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው፣ አንድ ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ነው የሚመለስበት። አባቱ ጋር ሄዶ ብሎኬት ሲቆጥር ማንም አይቀድመውም። የስፌት መኪናዬ ሲበላሽም የሚፈታው እሱ ነው።

ከአምና ጀምሮ የደንበኞቼን ልክ ደብተሬ ላይ የሚጽፍልኝ እሱ ሆኗል። እኔ ሜትሩን ይዤ እጠራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት «እጅጌ» ለማለት «እጀጌ» ብሎ ጽፎ ነበር። ራሱ አየው። ሰርዞ አስተካከለውና «እማዬ፣ ቀጥይ» አለኝ።